ያለ ጥፋቱ የተከሰሰው ፓምፕ

ይህን የማጫውታችሁን ነገር ለመጻፍ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ነጠላ ቢሆን በሁለት ቀን ሠርቼ አወርዳለሁ፤ እስክሪቢቶ ስይዝ ግን እጄ ይከብዳል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ እዚያም የደረስኩት አስተማሪው ስለራራልኝ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ብሄድ ታገሡኝ። ነገሩ ራሱ የሞኝ ነገር ስለሆነ ቸኩዬ ባወራው ውሸት ይመስላል።

አንጁሎ እባላለሁ። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነኝ። አባቴ ከዶርዜ መጥቶ የተከለው የሽመና ዕቃ አሁንም አለ። አምስት ሆነን በአንድ ቆርቆሮ ሥር እንሠራለን፤ እያንዳንዳችን እግራችንን የምንከትበት ጉድጓድ አለን፤ ከእኔ ፊት ለፊት ያለው የሶርሳ ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ተያይተን ሠርተናል። አንድ ቀን ለባለቤቴ "ካንቺ ፊት ይልቅ የሶርሳን ፊት ነው ያየሁት" ብላት፣ "እሱም እኮ ያንተን ነው ያየው፤ ያሳዝናል" አለችኝ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ሆዴ በግራ በኩል ከፍ ማለት ጀመረ። ወፈርኩ ብዬ ደስ አለኝ። ለሰው ሁሉ "ዘንድሮ ተመችቶኛል" እያልኩ ከረምኩ። የተመቸኝ ግን በሽታው ነበር። ሆስፒታል ስሄድ ዶክተር ሄለን የምትባል ቀጭን፣ ፈጣን ሐኪም መረመረችኝና የደም ካንሰር ነው አለችኝ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ስለሆነ በክኒን ይያዛል አለች። አራት ክኒን በቀን፣ ከምግብ ጋር፣ ዕድሜ ልክ።

እኔም ምሳ ላይ እውጠው ጀመር። በጥቂት ወር ውስጥ ሆዴ ገባ፣ ሱሪዬ በገመድ ሆነ። ያ ሁሉ ውፍረት ውሸት እንደነበር ሰፈሩ አወቀ።

በእኛ ሽመና ቤት "እንብላ" ሳይሉ መጉረስ ነውር ነው። አንድ ሰው ዳቦ ቢገምጥ እንኳ ቀና ብሎ "እንብላ" ይላል፤ ሌላው "ብሉ" ብሎ ይመልሳል፤ ሥራው ይቀጥላል። አንድ ቀን ምሳዬን ጨርሼ አራቱን ክኒን መዳፌ ላይ እንደያዝኩ ሶርሳ ሲያየኝ አየሁት። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለቀልድ "እንብላ" አልኩት።

"ምን አለበት" አለና እጁን ዘረጋ።

ሁለታችንም ሳቅን። እጁ ግን አልታጠፈም።

"ሶርሳ፣ የካንሰር መድኃኒት ነው እኮ" አልኩት።

"የኔ ሆድስ ያንተን አይመስልም? ና ንካው።"

ነገሩን ለማንም ሳይናገር ነው የከረመው እንጂ እውነትም ሆዱ ተነፍቶ፣ ፊቱ ከስቶ ነበር። ሄጄ ነካሁት። ዶክተሯ እኔን ስትመረምር እንዳየሁት በሁለት ጣቴ መታ መታ አደረግሁት። "ትንፋሽህን ሳብ" አልኩት፤ ሳበ። "አውጣ" አልኩት፤ አወጣ።

"ያው የኔው ነው" አልኩ።

አያችሁ፣ ከአራተኛ ክፍል የቀረ ሰው በአንድ ምሳ ሰዓት ስፔሻሊስት ሆነ።

"ሆስፒታል ሂድ" ማለትማ ብዬው ነበር። እሱም "ወረፋ ስጠብቅ ልሙት? መድኃኒቱ እዚሁ ፊቴ እያለ?" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ለእኔ፣ ሁለት ለሶርሳ ሆነ። ግማሽ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላጓደልንም። ሶርሳ "ቀለል አለኝ" ሲል እኔ በልቤ ትከሻዬን እሰብቃለሁ። ደግ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ነበር የማስበው።

በየወሩ ሆስፒታል ስሄድ ባዶውን ብልቃጥ ያዩታል።

"አልቋል፣ ጋሽ አንጁሎ?"

"አልቋል።"

"በየቀኑ ነው የሚወስዱት?"

"በየቀኑ።"

ልብ በሉ፣ አንዱም ውሸት አይደለም። አልቋል፤ በየቀኑም እወስዳለሁ። ስንት እንደምወስድ ነው ያልተጠየቅሁት። ያልተጠየቁትን መመለስ ደግሞ ለትልቅ ሰው አይገባም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ደሜ ግን እንደኔ ብልህ አልነበረም። ቁጥሩ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ዶክተር ሄለን ወረቀቱን ታገላብጣለች፤ እንደሷ ፈጣን የሆነ ሰው አንድ ወረቀት ደጋግሞ ሲያይ ያስፈራል። አንድ ቀን አስቀምጣኝ ነጭ ወረቀት ላይ ክብ ሣለች።

"ይቺ አንዷ የደምዎ ሴል ናት እንበል። ይኼ ግድግዳዋ ነው።" ግድግዳው ላይ ትንንሽ ቱቦ የሚመስል ነገር ደረደረች። "እነዚህ ፓምፖች ናቸው። መርዝ የመሰለ ነገር ሲገባ ይዘው ወደ ውጭ ይገፉታል። ሁላችንም አለን፤ ሰውነታችንን የሚጠብቁ ናቸው።"

"ታዲያ ምን አጠፉ?"

"መድኃኒቱንም እንደ መርዝ ነው የሚያዩት። ሥራውን ሳይጀምር ያስወጡታል። ፓምፑ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ ጂን አለ። በአንዳንድ ሰው ካንሰር ውስጥ ይህ ጂን ከልክ በላይ ይሠራል፤ ፓምፑ ይበዛል። ያኔ እርስዎ የቱንም ያህል ቢውጡ፣ የገባው ተመልሶ ይወጣል።"

"ጂን ማለት እንደ ጥለት ቁጥር ነው?" አልኳት። "ስንት ክር ይነሣ፣ ስንት ይተኛ የሚለው፣ ከአባት የምንቀበለው?"

እስክሪቢቶዋን አስቀመጠች። "እንደሱ ነው።"

"አንዱ ሸማኔ እዚያው ጥለት ላይ ቢቀርና ሸማውን ሁሉ ጥለት ቢያደርገው?"

"ጋሽ አንጁሎ፣ ይህን ለተማሪዎቼ ልነግራቸው ነው" አለች።

እኔ ደግሞ ምስጋና አይችለኝም። እዚያው ወንበሬ ላይ አምስተኛ ክፍል የገባሁ መሰለኝ። ለተጨማሪ ምርመራ ደም ሲቀዱልኝም እንደ ሙሽራ ነበር የተቀመጥኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የሁለቱ ክኒን ነገር በልቤ ብልጭ ሳይል አልቀረም። ግን ጥፋቴን የሚሸከምልኝ ሌላ ሰው አገኘሁ። ሰው እንኳ አይደለም፤ አፍ የለው፣ አይከራከር። ፓምፑ ነው አልኩ፣ አበቃሁ።

ለሶርሳም ነገርኩት። "ሰውነቴ ውስጥ ፓምፕ በዝቷል።"

መወርወሪያውን አቁሞ አየኝ። "ውኃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር አንተ ሆድህ ውስጥ ፓምፕ ተከልክ?"

"መድኃኒቱን እያወጣው ነው።"

"የኔ እንኳ የለውም" አለ ሶርሳ፣ በኩራት። "የኔ ይቀበላል።"

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሞች በየጊዜው ተሰብስበው ከባድ ከባዱን በሽተኛ የሚነጋገሩበት አዳራሽ አለ። የመጀመሪያው ክኒን አልሠራ ላለው የሚሰጥ ሁለተኛ መድኃኒት መጥቷል፤ ለጊዜው ግን ለአንድ ሰው የሚሆን ብቻ ነው። ለዚህ የታጨነው ሁለት ነን። ዶክተር ሄለን ይህን ሳትደብቅ ነግራናለች። ሶርሳ አብሮኝ መጥቶ ነበር፤ በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጠ። "ሂድ፣ ፓምፕህን አስመርቅ" ብሎ ሸኘኝ።

ከአዳራሹ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። ምሕረት ትባላለች፤ ዊንጌት አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሌላዋ ዕጩ እሷ ናት። ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ግን ስለሷ አልነበረም የማስበው፤ እቅድ እያወጣሁ ነበር። እቅዴም ይህ ነው፦ አዲሱ መድኃኒት ለእኔ ከደረሰ የቀድሞውን አራቱንም ክኒን ለሶርሳ አደርገዋለሁ። የወሩ ብልቃጥ ገና አላለቀም፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደማገኘው ደግሞ ቀስ ብዬ አስብበታለሁ። ሁላችንም እንድናለን። በዚያች ሰዓት ሚኒስትር ቢያደርጉኝ እቀበል ነበር።

መጀመሪያ እኔ ተጠራሁ። ገባሁ። ሐኪሞችና ተማሪዎች ክፍሉን ሞልተውታል፤ ግድግዳው ላይ የእኔ የደም ቁጥር እንደ እንጦጦ አቀበት ወደ ላይ ሲወጣ በትልቁ ይታያል። ዶክተር ሄለን ስለ ፓምፑ እየተናገረች ነበር። የምሕረት ደም ሲመረመር ፓምፑ እጅግ በዝቶ ተገኝቷል አለች። የእኔ ግን ውጤቱ ግልጽ አይደለም፤ ሆኖም የደም ቁጥሬ አወጣጥ ከሷም ይፈጥናል።

መነጽር ያደረጉ አዛውንት ሐኪም ወደኔ ዞሩ። "አባት፣ መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ?"

ዐሥራ ምናምን ሰው ያየኛል። ብናገር ሶርሳ ክኒኑን ያጣል፤ ካጣ ይሞታል፤ እንዲህ ነው የሚታየኝ።

"በየቀኑ" አልኩ።

"አንድም ቀን ሳይዘሉ?"

"አንድም ቀን።"

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ ፓምፑ ነዋ። ቁጥሩ በዚህ ፍጥነት ከወጣ ሁለተኛውን ለእሳቸው ማስቀደም ሳይሻል አይቀርም።" ውጭ እንድጠብቅ ነገሩኝ።

ወጣሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ምን አሉዎት?" አለች ምሕረት።

"ገና ነው።"

"እርስዎም በስልክ ደወል ነው የሚውጡት?"

"እኔ ምሳዬ ነው ደወሌ።"

ሳቀች። "የኔ ሰባት ሰዓት ላይ ይጮኻል። ክፍል ውስጥ ከሆንኩ ተማሪዎቼ 'ቲቸር፣ ሰዓትሽ ደረሰ' ይሉኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም አልዘለልኩም።" ከዚያ፣ "ዶክተሯ ያንን ፓምፕ ስትሥልልኝ ደስ አለኝ ብልዎት ያምናሉ?" አለችኝ።

"በበሽታ ደስ ይላል እንዴ ልጄ?"

"መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ቤተሰቦቼ አልወሰድሽም ነው ያሉኝ። እናቴ ከዋጥኩ በኋላ አፌን ታስከፍተኛለች፣ ምላሴ ሥር ትፈትሻለች። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው አባባ። ምን ብዬ ልማልላቸው? ፓምፑ ሲገኝ ወረቀቱን ይዤ ሄጄ አሳየኋት። 'ይኸው፣ እኔ አይደለሁም' አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን።"

ወረቀቱን አሁንም ይዛዋለች። አራት ላይ ታጥፎ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ አውጥታ አሳየችኝ። ያው ክብ፣ ያው ትንንሽ ቱቦዎች።

"ለእርስዎ ከደረሰ እንኳን ደስ አለዎት" አለች አጥፋ እየመለሰች። "ከልቤ ነው። እኔ ቀጣዩን እጠብቃለሁ።"

"ቀጣዩ መቼ ይመጣል አሉሽ?"

"አልነገሩኝም።"

እንግዲህ አስቡት። ይቺ ልጅ ያልሠራችው ጥፋት ስለተነሣላት አልቅሳለች። እኔ የሠራሁትን ጥፋት እዚያው ወረቀት ሥር ሸሽጌ ተቀምጫለሁ። ወንበሩ አልበቃኝ አለ። ተነሣሁ። "ሽንት ቤት በዚህ ነው" ብላ አቅጣጫ አሳየችኝ፤ መልኬ ያስታውቅ ነበር መሰለኝ።

እኔ ግን የአዳራሹን በር ገፋሁ። ሳላንኳኳ።

"አባት፣ ገና አልጨረስንም" አሉ አዛውንቱ።

"ፓምፑ ምንም አላጠፋም" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል።

ዶክተር ሄለን ተነሣች። "ጋሽ አንጁሎ?"

"መድኃኒቱን የማስወጣው እኔ ነኝ። በእጄ ነው የማስወጣው። አፌ ሳይደርስ።" መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ ባዶ እጅ ምን እንደሚያሳይ ግን እኔም አላውቅም። "አራቱን አልውጥም። ሁለት ነው የምውጠው።"

ከኋላ አንዱ ተማሪ በአፍንጫው ሳቀና ሳል አስመሰለው። አልፈረድኩበትም፤ እኔ ብሆን እስቅ ነበር።

"ሁለቱስ?" አለች ዶክተሯ።

"ያንን ልነግርዎ አልችልም። ከነገርኩ ይሞታል።"

"ማነው የሚሞተው?"

"ሶርሳ" አልኩ። አልናገርም ያልኩበት ቃል ገና ከአፌ ወጥቶ አላለቀም ነበር። "በር ላይ ዛፉ ሥር ተቀምጧል።"

አስጠሩት። ሶርሳ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ፣ ሠርግ ቤት የተጠራ ይመስል ለሁሉም እጅ እየነሣ ገባ። አዛውንቱ ሐኪም ሆዱን ገና በዓይናቸው አይተው ፊታቸው ተለወጠ።

"ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?"

"የሱን ሁለት ክኒን።"

"ማን አዘዘልዎት?"

ሶርሳ ዞሮ በጣቱ እኔን አሳየ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። "መርምሮኛል እኮ" አለ ሶርሳ፣ ሊከላከልልኝ ብሎ። "መታ መታ አድርጎኛል። ትንፋሼንም አስስቦኛል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ሐኪሞቹ ግን አልሳቁም። ሶርሳን ወዲያው ወሰዱት፤ ደም ተቀዳ፣ ሆዱ በመሣሪያ ታየ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሄለን መጣች። ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው።

"የደም ካንሰር የለባቸውም" አለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ጉበታቸው ነው የታመመው። በጣም ቆይቷል። ይኼ ክኒን ደግሞ ለታመመ ጉበት ይከብዳል።"

እኔ ግድግዳውን ያዝኩ።

"ገደልኩት?"

"አልገደሉትም። ዘግይቷል ግን ሕክምና አለው፤ ዛሬ እንጀምራለን።" ከዚያ ጎኔ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። "ጋሽ አንጁሎ፣ እኔ እኮ ስለ እርስዎ ፓምፕ ስንት ነገር አንብቤ ነው ያደርኩት" አለች። ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው መድኃኒት በዚያው ቀን ለምሕረት ተወሰነ። ስትወጣ አየኋት፤ አጎንብሳ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት። ማን እንደነገራት አላውቅም። "እኔን አትሳሚኝ ልጄ" አልኳት፣ "እኔ ልወስድብሽ የነበርኩ ሰው ነኝ።" እሷም "አውቃለሁ፤ ሁሉንም ነገሩኝ" አለችና ሳመችኝ።

ሶርሳ ከሆስፒታል የወጣው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁት። በታክሲ ነው የመጣነው። ሽሮ ሜዳ ልንደርስ ስንል፣ "ለካ ስትመርዘኝ ነው የከረምከው" አለ።

"ይቅር በለኝ ሶርሳ።"

"ቀለል ብሎኝ ነበር እኮ። ምኑ ነው የቀለለኝ?"

"እንጃ።"

መስኮቱን ሲያይ ቆይቶ፣ "ብቻዬን አለመሆኔ ይሆናላ" አለ። ከዚያ ወዲያ ወር ያህል አኮረፈኝ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ማኩረፍ ከባድ ሥራ ነው፤ አሁን ላይ ሲያስበው እሱም ይስቃል። ሆዱ ሙሉ በሙሉ አልጎደለም፤ ሐኪሞቹ ግን ይዘውታል።

እኔ አራቱንም መዋጥ ከጀመርኩ በኋላ ቁጥሩ ወር በወር ወረደ። የመጨረሻው የምርመራ ውጤት ሲመጣም የኔ ፓምፕ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ፓምፕ ልከኛ ሆኖ ተገኘ። ያንን ምስኪን ያን ሁሉ ጊዜ በሐሰት ስወነጅለው ነበር።

አሁን እናንተን ልጠይቅ፣ አንባቢዎቼ። ደግነት ሲያደርጉ የሚታወቅበት ምልክት ምንድነው? እኔ በዚያ ግማሽ ዓመት የተሰማኝ ሁሉ የደግነት ስሜት ነበር፤ ልቤ ሙሉ፣ እንቅልፌ ጥሩ። ሶርሳን እጁን ይዤ ወረፋ ላይ ብቆምለት ይደክመኝ ነበር፤ ሁለት ክኒን መዳፉ ላይ ማስቀመጥ ግን አያደክምም። ዛሬ ላይ አንድ ነገር በጣም ቀሎኝ ስሰጥ ራሴን እጠረጥራለሁ። ከዚህ የበለጠ የተማርኩት የለም፤ አዋቂ ሆንኩ ብዬ አላታልላችሁም።

ዶክተር ሄለን ግን ሐሙስ ሐሙስ እንድመጣ ጠየቀችኝ። እሷ "ይወስዳሉ?" ብላ ስትጠይቅ ሁሉም "አዎ" ይላታል። እኔ አግዳሚው ላይ አዲስ ከሚመጡት ጋር እቀመጥና ሌላ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ "ከማን ጋር ነው የምትካፈሉት?" አንዷ እያለቀሰች ለምትለምናት ጎረቤቷ እንደምትሰጥ ነገረችኝ። አንዱ መድኃኒቱ ከገበያ የጠፋ እንደሆነ ብሎ ግማሹን ሣጥን ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ነገረኝ።

ባለፈው ሐሙስ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ አጠገቤ መቀመጡ ብዙም ያልጣመው ሰው ነበር። ጠየቅሁት።

"ከማንም ጋር አልካፈልም" አለ፣ ስልኩን እያየ። "እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ አባት።"

"ጥሩ ነው ልጄ" አልኩት።

ስሙ ተጠራ፤ ተነሣ፤ እስከ ዶክተሯ በር ድረስ ሄደ። እጀታውን እንደያዘ ቆመ። ተመልሶ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ፤ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

"ከእናቴ ጋር ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ግማሹን እሰጣታለሁ። ምን ብዬ ልንገራት?"

"ለእናትህ ነው ለዶክተሯ?"

"ለሁለቱም።"

"ለዶክተሯ እኔ እጀምርልሃለሁ" አልኩትና አብረን ገባን።